ቃጭል ያሰረ ዝንጀሮ

ጉሙ ገና ከዝግባ ሚካኤል ደን ላይ አልተነሳም። ዶሮዎቹም ከቆጥ ለመውረድ እያመነቱ ነው። ማንአለሽ በእንቅልፍና በመንቃት መካከል ሆና ቃጭል ሰማች። ቅጭል... ቅጭል... ቅጭል ቅጭል። መጀመሪያ ከወንዙ በኩል፣ ቀጥሎ ከወይራው ስር፣ ቀጥሎ ከራሷ ማሳ ጫፍ። እጆቿ ከእሷ ቀድመው ነቁ። ተነስታ እሳቱን ቆሰቆሰች፤ ውሃ ጣደች፤ የእግር መታጠቢያውን ገበቴ ከግድግዳው አውርዳ ደጃፉ አጠገብ አስቀመጠች። መሪጌታ መጡ አለች በሆዷ። ዛሬስ በጊዜ መጡ።

ውሃው ለብ ሲል ነው ሁልጊዜ የምታስታውሰው። ባሏ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ካረፉ ሁለተኛው ክረምት አልፏል። በቅሏቸውም ከእሳቸው በኋላ ብዙ አልቆየችም። ቃጭሉ ግን የመሪጌታ በቅሎ ቃጭል ራሱ ነው፤ ሌላ አይደለም። አሁን ያሰረው ዝንጀሮ ነው።

አዎ፣ ዝንጀሮ። የሚስቅ ይሳቅ፤ እስቴ አገር ውስጥ ይህን ሰምቶ ያልሳቀ የለም። ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩን ከስሩ መስማት ይሻላል።

የማንአለሽ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ካብ ስር ነው። ያላት መሬት ከካቡ ጀምራ ወደ ወንዙ የምትወርድ አንዲት የገብስ ማሳ ናት፤ ከዚያች ሌላ የእኔ የምትለው የላትም። መሪጌታ በሕይወት ሳሉ ግማሹን ዓመት ጋይንት ተሻግረው ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ይከርሙ ነበር። መምጫቸውን አይናገሩም። የስልክ ዘመን ከመጣ በኋላ እንኳ መደወል አይሆንላቸውም፤ ቃጭሉ ይነግርሻል ይሏት ነበር። እውነትም ይነግራት ነበር። ቃጭሉ ወንዙ ላይ ሲሰማ ውሃ ትጥዳለች፣ ወይራው ስር ሲደርስ ቤቷን ትጠርጋለች፣ ማሳው ጫፍ ሲደርስ ነጠላዋን ለውጣ ደጅ ትቆማለች። መሪጌታ ከገቡ በኋላማ ቁጡ ነበሩ፤ ጭሱ በዛ፣ ጨዉ አነሰ ማለት ይጀምራሉ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ማንአለሽ ባሏን ከሁሉ አብልጣ የምትወዳቸው ከወንዙ እስከ ደጁ ባለው መንገድ ላይ ሳሉ ነበር። ይህን ለንስሐ አባቷም ነግራ አታውቅም።

ዝንጀሮዎቹን በተመለከተ ደግሞ ጥፋቱ የመላው አጥቢያ ነው። ድሮ ደኑ ሰፊ ነበር፣ ነብርም ነበረበት። አሁን ነብሩም የለ፣ ደኑም በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀረችው ናት። ወደ ሚካኤል ደን የገባ ሁሉ ደግሞ የሚካኤል እንግዳ ነው ይባላል፤ ድንጋይ አይወረወርበትም። ይህ ባልከፋ። የዝግባ ሚካኤል ሰዎች ግን ወር በገባ በአሥራ ሁለት ዝክሩ ሲበላ ሲጠጣ ውሎ፣ የተረፈውን ዳቦና እንጀራ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ለእንግዶቹ ያስቀምጡ ጀመር። ሌላው አገር ዝንጀሮን በወንጭፍ ይሸኛል፤ እነሱ በዳቦ ያስተናግዳሉ። እንግዶቹም ወለዱ፣ ከበዱ። ዝክር በሌለበት ቀን ምን ይብሉ? ከካቡ ወረዱና የማንአለሽን ገብስ ገና እሸት ሳለ ፈለፈሉት።

አምና ግማሹ ማሳ ባዶ ገለባ ሆኖ ቀረ። ማንአለሽ የመሪጌታ ሚስት ሆና የሰው እጅ አየች። ዘንድሮ ያ እንዳይደገም ምላለች። እናም በመስከረም ገብሱ ሲያዘረዝር፣ ጎረቤቷ ፍሬው የአያቶቹን ዘዴ ሲያወራ ጆሮዋን ሰጠች። አንድ ዝንጀሮ ይያዛል፣ አንገቱ ላይ ቃጭል ይታሰርለታል፣ ይለቀቃል። እሱ ወደ ወገኖቹ ይሮጣል፤ ወገኖቹ ከቃጭሉ ይሸሻሉ፤ እሱ ይከተላል፤ እነሱ ይሸሻሉ። አገር ለቀው እስኪሄዱ ድረስ እንዲህ ነው። ደም አይፈስም፣ የሚካኤልም እንግዳ አልተገደለም። ሁሉም ወደዱት።

ቃጭል ግን ጠፋ። ከቆርቆሮ የተሠራው እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል እንጂ አይጮህም። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ዝንጀሮዎቹ የማንአለሽን መጠበቂያ ማማ አፍርሰው፣ እላዩ ላይ ተቀምጠው እሸቷን ሲጠረጥሩ አግኝታቸዋለች። ደሟ ፈልቶ ነበር። ቤት ገብታ የመሪጌታን ቃጭል ከተሰቀለበት አወረደችና ለፍሬው ሰጠችው። ማሰሪያውንም ከበቅሎዋ ጠፍር ላይ ቆርጣ ራሷ ሰፋች። ዝንጀሮ እጅ አለው፣ ይፈታዋልና አጥብቂው አላት ፍሬው። አጠበቀችው።

የተያዘው በጠላ አተላ ነው። አተላውን በገንዳ ሞልተው ከደኑ ጫፍ አስቀመጡለት። ከመንጋው አንዱ ጎረምሳ፣ ገና ጋማ ያላበቀለ ሆዳም፣ ከሁሉም ቀድሞ ጠጣ፣ ከሁሉም በኋላ ጠጣ። ኋላ በጀርባው ተንጋሎ ሰማዩን ሲያይ ፍሬው ጋቢ ጣለበት። ጠፍሩን ያሰረችው ማንአለሽ ናት። ጎረምሳው በእንቅልፍ ዓይኑ አየት አደረጋትና መልሶ ጨፈነ።

ስካሩ ሲለቀው ቅጭል ቅጭል እያለ ወደ እናቱ ሮጠ። ወይ ጉድ! መንጋው ካቡን፣ እሾሁን፣ ወንዙን አላለም፤ ገመሬው ከፊት፣ እናቱም ሳትቀር ልጇን ሸሽታ ከኋላ፣ ወዲያ ማዶ ተሻገሩ። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ተቀመጠ። ማንአለሽም ሳቀች፤ መሪጌታ ካረፉ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም ነበር። ገብሷም ቆሞ አደረ።

ከዚያ በኋላ ነው የጉሙ ጠዋቶች የመጡት።

ጎረምሳው ቀን ቀን ወገኖቹን ሲያሳድድ ይውላል። ማታ ብቻውን ወደሚያውቀው ደን ይመለሳል፤ ማለዳ ደግሞ ከወንዙ ውሃ ጠጥቶ፣ በወይራው ስር አልፎ፣ የማንአለሽ ካብ ላይ መጥቶ ይቀመጣል። የመሪጌታ መንገድ ቁርጥ። ጉም ደግሞ ጉም ነው፤ በቅሎ ይሁን ዝንጀሮ አያሳይም። በመጀመሪያው ጠዋት ማንአለሽ በድንጋጤ ደረቷን ያዘች። በሁለተኛው ሳታስበው ውሃ ጣደች። በኋላማ ማታ ስትተኛ ጠዋትን እየናፈቀች ሆነ። በሰመመኗ ውስጥ ቃጭሉ ሲቀርብ፣ መሪጌታ ከነካባቸው፣ ከነጥምጥማቸው፣ እርጥብ ጉም በጢማቸው ላይ ይዘው ይታዩዋት ጀመር። አይገቡም፤ ይመጣሉ ብቻ። እሷም ከዚያ የበለጠ አልጠየቀችም። ባሏ ሞተው ሳለ በየጠዋቱ የሚመጡላት ሴት ከወዴት ትገኛለች? ደስ አላት፤ ደስታዋም እንደ ጥፋት ሆድ ሆዷን ይበላት ነበር።

ጉሙ ሲገለጥ ካቡ ላይ ዝንጀሮው ብቻ ነው። የምታባርረው መሆን ነበረባት። እሷ ግን እፍኝ ቆሎ ካቡ ጫፍ ላይ ታስቀምጥለታለች፣ ይበላል። የሰማ እንዳይስቅባት እንጂ ታወራውም ነበር። ዛሬ ዘገዩ ትለዋለች፤ መንገዱ ጭቃ ነበር? ትለዋለች። እሱ ቆሎውን በጣቱ እየለቀመ አንዳንዴ አንገቱን ያካል።

በጥቅምት መጀመሪያ ወዲያ ማዶ የሚኖረው ጓዴ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ጓዴ የማንአለሽ እኩያ፣ ባቄላ አብቃይ፣ ጎምላላ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ሰላምታ እንኳ አላደረሰም። ዝንጀሮዎቻችሁን ላካችሁብን አለ፤ ባቄላዬ አልቋል፣ የጎረቤቶቼም እንዲሁ፣ እናንተ ሳቃችሁ እኛ ተራብን። ቀጥሎ የባሰውን ተናገረ። የማዶ ሰዎች መርዝ አምጥተዋል። ከበቆሎ ጋር ለውሰው ቅዳሜ በየማሳው ሊበትኑ ተማክረዋል። ከተበተነ ዝንጀሮ ብቻ አይደለም የሚሞተው፤ ውሻውም፣ ዶሮውም፣ ጥንብ አንሳውም ያልቃል፣ ወንዙም የጋራ ነው።

ፍሬው ነው ለወረዳው የደወለው። በማግስቱ እመቤት የምትባል የዱር እንስሳት ባለሙያ ከመካነ ኢየሱስ በሞተር ሳይክል ተፈናጥጣ መጣች። ወጣት ናት፤ ጭቃ እስከ ጉልበቷ ወጥቶባት ስልኳን ከፍ አድርጋ ኔትወርክ ስትፈልግ ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ። ንግግሯ ግን ሥራ የሚያውቅ ሰው ንግግር ነበር። ሁለቱን ወገን ወንዙ ዳር አስቀምጣ ስትጠይቅ ዋለች፤ ስለ ዝክሩ ዳቦ ሲነግሯት ራሷን ይዛ ሳቀች። እነዚህ እንስሶች የትም አይሄዱም አለቻቸው፤ መሄጃም የላቸው። ደኑ የሚመግበውን ያህል እንዲሆኑ ዳቦው መቆም አለበት። ለደኑ ቅርብ በሆነው ማሳ ጠርዝ ላይ ዝንጀሮ የማይደፍረው ግብጦ ይዘራ፤ መራራውን ቀምሶ ይመለሳል። ጥበቃውም በየግል ሳይሆን ሁለቱ ማዶዎች በአንድ ተራ ይጠብቁ። ቄሰ ገበዙ የዳቦው ነገር ከበዳቸው፤ እንግዳ እንዴት ይከለከላል አሉ። እመቤትም፣ አባቴ፣ እርስዎ አላባረሯቸውም፤ ቤታቸው ይኑሩ፣ የቤታቸውን ሾላና እንኮይ ይብሉ ብላ ለዘበች። ቄሰ ገበዙ ጥቂት አሰቡና እሺ አሉ።

ጓዴም እሺ አለ። ግን መርዙን የሚያስቀር አንድ ነገር ጠየቀ፤ እመቤትም ያንኑ ልትናገር ነበር።

«ያ ቃጭል ካልወረደ ሁሉም ከንቱ ነው» አለች። «የሚሳደድ መንጋ አይረጋም። ካልረጋ ደግሞ መንገዱ አይታወቅ፣ መጠበቅም አይቻል። የታሰረውን ያየ ማን ነው?»

አንዱ ምንጩ ጋ ሰማሁት አለ። ሌላው ገደሉ ስር አለ። ቄሰ ገበዙ በኪዳን ሰዓት ከደኑ ውስጥ ሲሰማ አሮጊቶቹ የቅዳሴ ቃጭል መስሏቸው ሰገዱ ብለው ራሳቸውም ሳቁ። ማንአለሽ የነጠላዋን ጥለት እያፍተለተለች መሬት መሬቱን ታያለች። የት እንደሚመጣ፣ በየትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚቀመጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አንድ ቃል ብትናገር ነገ በጠዋት ቃጭሉ ይወርዳል። መሪጌታም ዳግመኛ አይመጡም።

ጥለቷን ማፍተልተሏን ቀጠለች። እስከ ቅዳሜ እንፈልገው፣ ካልተገኘ ግን እኔ ሰዎቼን መያዝ አልችልም ብሎ ጓዴ ተነሳ።

በነጋታው ጉሙ እንደ ወተት ወፍሮ ነበር። ቃጭሉ መጣ፤ ግን አካሄዱ ልክ አልነበረም፤ ይቆማል፣ ይዘገያል፣ ደግሞ ይነሳል። ማንአለሽ ቆሎዋን ይዛ ካቡ ጋ ጠበቀችው። ጎረምሳው ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ቆሎውን በእጁ ይዞ አየው፤ አፉ ውስጥ ከቶ መልሶ ተፋው። አልዋጥ አለው። ያኔ ጠጋ ብላ አየች። ጠፍሩ አይታይም። ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ለካ በስካር ተንጋሎ የነበረው ያ ሆዳም ገና አዳጊ ነው፤ አንገቱ ሲወፍር ጠፍሩ አብሮ አልሰፋ። ፀጉሩ በደምና በመግል ተጣብቆ ዝንብ ወሮታል። ማንአለሽ ራሷ የሰፋችውን፣ ራሷ ያጠበቀችውን አወቀች።

እንዲህ ሆኖም፣ ይህን ሁሉም ይወቅባት፣ የዚያን ጠዋት አልተናገረችም። ነገ እላለሁ አለች። አንድ ጠዋት ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልስማቸው አለች። የሰው ልብ እንዲህ ነው፤ እያየ ነገ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ድካም ጥሏት መደቡ ላይ ጋደም አለች። መሪጌታ መጡ። ወንዙን አልፈው፣ ወይራውን አልፈው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ደጁ መጡ። ከበቅሏቸው ወርደው ግን አልገቡም። በራቁት አንገታቸው ዙሪያ የበቅሎዋ ጠፍር ነበር። አልተቆጡም፤ ያ ነው የባሰባት፣ ጭሱ በዛ እንኳ አላሏትም። አንገታቸውን ወደ እሷ ዘንበል አድርገው፣ እግር ሊታጠቡ ሲቀመጡ በሚያወጡት በዚያ የድካም ድምፅ፣ «እስኪ ይችን አላሊልኝ፣ ማንአለሽ» አሏት።

ላቧ በግንባሯ ወርዶ ነቃች። ነጠላዋን ጎትታ በቀጥታ ወደ ፍሬው ቤት ሄደች። ደውልላት አለችው፤ ነገ ጠዋት ትምጣ፣ ጓዴም ይምጣ፣ እኔ ጋ፣ ካቤ ላይ ነው የሚመጣው።

ቅዳሜ ማለዳ ሦስቱም በማንአለሽ ደጅ በዝምታ ተቀመጡ፤ እመቤት በመድኃኒት ቦርሳዋ፣ ጓዴ በብትሩ፣ ፍሬው በዚያው ጋቢው። ማንአለሽ አተላውን የምታቀርብበት ዕቃ ስታጣ የእግር መታጠቢያውን ገበቴ አወረደች። ሌላ ዕቃ አልነበረም ማለት አይደለም፤ እጇ ወደዚያ ሄደ እንጂ። አተላውን በውሃ አቅጥና ሞላችውና ካቡ ስር አኖረችው። ከዚያ ቃጭሉ ከወንዙ ተነሳ። ማንአለሽ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፣ ከወንዙ እስከ ወይራው፣ ከወይራው እስከ ማሳዋ፣ አንዱንም ሳትዘል። መሰናበቷ ነበር።

ጎረምሳው እየታነቀ፣ እያረፈ ጠጣ። ሲተኛ ፍሬው ጋቢውን ጣለ፣ ጓዴ እግሮቹን ያዘ። እመቤት መቀሷን ብታስገባ ጠፍሩ አልቆረጥ አላት፤ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል። ማንአለሽ ቤት ገብታ መሪጌታ የብዕር መቃ የሚቀርጹበትን ሰንጢ አመጣች። ቀስ ብላ፣ ስፌቷን በስፌቷ፣ ራሷ ያሰረችውን ራሷ ፈታች። ቁስሉ ሲገለጥ ጓዴ ፊቱን አዞረ። እመቤት አጥባ መድኃኒት ቀብታለት ስትጨርስ፣ እኛ ልንበትን የነበረው ከዚህ የባሰ ነው አለ፤ መርዙ ዛሬ ጉድጓድ ይገባል። ለወዲያ ማዶ ሰዎች ሄዶ የነገራቸውም እሱ ነው።

ጎረምሳው ሲነቃ ጥቂት ተንገዳገደ። እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤ ባዶ ነው። ደጋግሞ ዳሰሰው። ከዚያ ወርዶ በማሳው ጫፍ፣ በወይራው ስር ሄደ፤ ምንም አልተሰማም። ጉሙ ዋጠው። ቃጭሉ በማንአለሽ መዳፍ ውስጥ ነበር። ድምፅ እንዳያወጣ ምላሱን በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

በሳምንቱ ውስጥ መንጋው ወደ ደኑ ተመለሰ። ጎረምሳው መጀመሪያ ራቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ ሌሎቹ ጆሯቸውን አቁመው ያዩታል፣ እሱ ሲነቃነቅ ይነሳሉ። አንድ ቀን ማንአለሽ ካቡ ላይ ቆማ ሳለ አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ ጠጋ አለችው፤ ፀጉሩን ገለጥ አድርጋ ጠባሳውን በጣቷ ትፈትሽ ጀመር። እናቱ ትሁን አትሁን ማን ያውቃል። እሱ አንገቱን ሰጥቷት ዓይኑን ጨፍኗል። ማንአለሽ እሰይ አለች። እሰይ እያለችም እንባዋ ወረደ፤ እሱ ወገኖቹን አግኝቷል፣ እሷ ግን ጠዋቷን አጥታለች። ሲነጋ ጉሙ ይመጣል፣ ምንም ይዞ አይመጣም። ውሃም አትጥድም። ማልቀሷንም ከማንም አልደበቀችም።

ጥበቃው ተጀመረ፤ አንድ ቀን ከወዲህ፣ አንድ ቀን ከወዲያ ማዶ። ባለ ተራው መንጋው ሲወርድ ይጮሃል፣ በየማሳው ያለ ሁሉ ወጥቶ ይቆማል፤ ድንጋይም የለ፣ ጅራፍም የለ፤ ሰው ቆሞ ያየ ዝንጀሮ ይመለሳል። በፀሐይ ቀን ደግ ነበር። በጉም ግን የሰው ጩኸት ከወንዙ አይሻገርም። አንድ ቀን ጓዴ ተረኛ ሆኖ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፤ ማንም አልሰማውም። ዝንጀሮዎቹ የማንአለሽን ማሳ ዳር ዳሩን በልተው፣ የማዶውን ጨምረው ሄዱ። ሰዎቹ ተጨቃጨቁ፤ ጥበቃው ከመፍረስ አፋፍ ደረሰ፣ የመርዙም ወሬ መልሶ ተነሳ። ጓዴ በተዘጋ ድምፁ ሊያስረዳ ሲሞክር የሚሰማው አልተገኘም። ማንአለሽ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ቤቷ ልትገባ ትችል ነበር። ገባችም፤ ግን ለሌላ ነው። ሳጥኑን ከፍታ ጨርቁን ፈታች። ወጥታ ቃጭሉን በጓዴ እጅ አኖረችው።

«ይህ ይሰማል» አለችው። «ከወንዝ እስከ ደጅ ይሰማል። እኔ አውቃለሁ።»

ደንቡም ያኔ ወጣ፤ ባለ ተራው ቃጭሉን ይይዛል፣ ተራው ሲያልቅ ለሚቀጥለው እቤቱ ድረስ ሄዶ ያስረክባል።

በነጋታው ተራው የማንአለሽ ነበር፤ እሷ ግን ረስታዋለች። ጉም ነበር። ዶሮዎቹ ከቆጥ ላይ ናቸው። በእንቅልፍና በመንቃት መካከል፣ ከወንዙ በኩል፣ ቅጭል አለ። እጆቿ ቀደሟት። እሳት፣ ውሃ፣ ገበቴ። ወይራው ስር ሲደርስ ቤቷን ጠረገች። ማሳው ጫፍ ሲደርስ ነጠላዋን ለወጠች። ደጇን ከፍታ ቆመች፤ ልቧ እንደ ሙሽራ ይመታል። ጉሙ ተከፈለና ሰው ወጣ። ወንዙን ሲሻገር እስከ ጉልበቱ የራሰ፣ በብርድ የሚንቀጠቀጥ፣ ቃጭል የያዘ ሰው።

ጓዴ ነው። ተራሽ ደርሷል ብሎ ቃጭሉን ሊሰጣት እጁን ዘረጋ፤ ዓይኑ ግን በገበቴው ላይ፣ እንፋሎት በሚያወጣው ውሃ ላይ ቆመ።

«እንግዳ ትጠብቂ ኖሯል» አለ በተዘጋ ድምፁ። «በክፉ ሰዓት መጣሁ?»

ማንአለሽ ውሃውን አየች። ጓዴን አየች። ከእርጥብ እግሩ ስር ጭቃ እየተንጠባጠበ ነው። ስንት ጠዋት የቀዘቀዘ ውሃ ደጅ ላይ እንደደፋች አሰበች።

«በሰዓቱ ነው የመጣኸው» አለችው። «ተቀመጥ፣ እግርህን ታጠብ። ሳይበርድ።»

ጓዴ ደንገጥ ብሎ ተቀመጠና እግሩን ነከረ፤ ሙቀቱ ሲሰማው እህህ አለ። ማንአለሽ ቃጭሉን ተቀብላ ፊቷን ወደ ማሳዋ አዞረች። ከዚያ ረገጥ ረገጥ እያደረገች፣ ቃጭሉን እሷው እያሰማችው፣ ጉሙን ገፍታ ወደ ገብሱ ወረደች።